ቦዩ የታጠፈበት

ጎንደር በተነሣ ቍጥር አስቀድሞ የሚታወሰው ግንቡ ነው። ሥዕል ለመማር እርሳስ የጨበጠ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚሞክረው የዐፄ ፋሲልን ግንብ ነው፤ እኔም የሥዕል መምህር ሆኜ ባሳለፍኋቸው ሠላሳ ያህል ዓመታት ያረምኋቸው የግንብ ሥዕሎች ቢቈለሉ ሌላ ግንብ ይወጣቸው ነበር። ከተማይቱ በ1628 ዓ.ም መቈርቈሯን፣ ፋሲል ግቢም በ1972 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መስፈሩን የማያውቅ ተማሪ አልገጠመኝም። ከግንቡ ማዶ ያለውን የጭቃ ቤት፣ ጎርፍ የሚወርድበትን ጉድባ፣ እናቶች ጀሪካን ደርድረው ተራ የሚጠብቁበትን የቦኖ ውሃ ሥሎ ያመጣልኝ ተማሪ ግን አንድም አላስታውስም። እንዲያመጣ ያዘዘው መምህርም አልነበረም። ይህን እንድሥል ያስገደዱኝ የኪነ ጥበብ ሰው ሳይሆኑ አንዲት የከተማ ምክር ቤት አባል ናቸው።

ነገሩን ሳስበው ይገርመኛል። ጎንደር ውሃን መምራት የጀመረችው ትናንት አይደለም። በቀሃ ወንዝ አጠገብ የሚገኘው የፋሲለደስ መዋኛ በየዓመቱ ለጥምቀት በዓል የሚሞላው ከወንዙ ተጠልፎ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው። ለአንድ ታላቅ በዓል ውሃን ከወንዝ ወደ ግንብ መምራት ያወቀች ከተማ፣ በየክረምቱ ከተዳፋቱ የሚወርደውን ጎርፍ ከድኻው ደጃፍ ወደ ወንዝ መምራት ሲሳናት ኖራለች። ከተማይቱ በቀሃና በአንገረብ መካከል በተዘረጋ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የውሃው መንገድ በተፈጥሮው የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ወንዞች መገጭን ይቀላቀላሉ፣ መገጭም የደምቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። እኛ ከደጃችን ጠርገን የጣልነው ሁሉ ውሎ አድሮ የደምቢያ ገበሬ ማሳ ላይ ይደርሳል።

የእኛ ሠፈር ወደ አንገረብ በሚያዘቀዝቀው ወገን ያለ፣ ስሙ ባይጠቀስ ቅር የማይለው ተራ ሠፈር ነው። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ከእኛ ዘንድ ለከተማው ምክር ቤት የተመረጡት ጡረታ የወጡ የማኅበረሰብ ነርስ ነበሩ። «የተከበሩ» ብሎ የሚጠራቸው አልነበረም፤ ለትልቅም ለትንሽም «ሲስተር» ናቸው። ጎንደር ሹምን አሳምራ ታውቃለች። ከንቲባ የሚለው ማዕረግ እንኳ ማዘጋጃ ቤት የሚባል ነገር ከመምጣቱ አስቀድሞ በዚሁ አገር የደምቢያ ገዢ መጠሪያ ነበር። ሹም ከላይ ይመጣል፤ ሲመጣ ይሰገድለታል፣ ሲሄድ ይታማል። እንደራሴ ግን ከጎረቤት የሚወጣ፣ ማታም ወደዚያው ጎረቤት የሚመለስ ሰው ነውና እንዴት እንደሚያዝ ገና በመማር ላይ ነበርን። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ቃሉ መልካም ነው፤ ሲስተር ይህን አንቀጽ ሲጠቅሱ ግን አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም።

የእርሳቸው ሕገ መንግሥት ሌላ ነበር። በ1945 ዓ.ም በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ፈጀ። ይህ እልቂት ካስከተላቸው ነገሮች አንዱ በ1947 ዓ.ም በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ነው፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ተቋም መሠረቱ ይኸው ነው። ኮሌጁ ጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድነት እያሠለጠነ፣ በቡድን ወደ ገጠርና ወደ ወረዳ ከተሞች ያሰማራ ነበር። ሦስቱም አብረው ምንጭ ያጐለብታሉ፣ የመፀዳጃ ጕድጓድ ያስቈፍራሉ፣ ሕፃናትን ይከትባሉ። ሲስተር በ1960ዎቹ መጨረሻ የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ። «እኛን ያስተማሩን መርፌ ከመውጋት በፊት ደጃፍ ማንኳኳት ነው» ይላሉ፤ «አንኳኵተህ ካልተከፈተልህ ነገ ትመለሳለህ፤ መድኃኒቱን በአጥር ላይ ወርውረህ አትሄድም።»

በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም አንድ ማለዳ የእኔንም ደጃፍ አንኳኩ። በብብታቸው የተጠቀለለ ሰፊ የማሸጊያ ወረቀት ይዘዋል።

«መምህር፣ ግንብ ሲሥሉ ኖረዋል አሉ። አሁን ደግሞ እኛን ይሣሉን።»

ጉዳዩ ይህ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የከተሞቻችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ በጌጠኛ ድንጋይ ይነጠፍ ነበር። ጎንደርም በዓለም ባንክ ብድር በተደገፈው የከተሞች ልማት ፕሮግራም ከታቀፉት ከተሞች አንዷ ነበረች። ጥቁሩን ድንጋይ የሚፈልጡትና የሚያነጥፉት በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ናቸው፤ ነዋሪውም ድርሻውን ያዋጣል። ለሠፈራችን አንድ መንገድና ከጎኑ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊሠራ ታስቧል፤ ነገር ግን እስከ ሚያዝያ ድረስ ነዋሪው በመስመሩ ካልተስማማ ገንዘቡ ወደ ሌላ ሠፈር ይዞራል። ባለፈው ክረምት ጎርፉ አንድ የአራት ዓመት ሕፃን ከእናቱ ደጅ ወስዶ ኻያ እርምጃ ያህል ካንከባለለው በኋላ በአንድ ጎረምሳ እጅ ተርፏል። ሌላ ክረምት መጠበቅ የሚሻ አልነበረም።

«ፕላን የለም ወይ?» አልኋቸው።

«አለ። ኢንጂነሩ ያመጣው ፕላን ልክ ነው፤ ነገር ግን ቤቱን ያገኘበት ሰው የለም። ሰው ደጃፉን ባላየበት ወረቀት ላይ እንዴት ይስማማል?»

ሦስት ሳምንት ያህል ከቤት ወደ ቤት ዞርን። እኔ እሥላለሁ፤ እርሳቸው መደብ ላይ ተቀምጠው ይጠይቃሉ። ስለ ቦዩ የሚጠይቁ ግን አይመስሉም ነበር፤ ስለ ልጅ ሳል፣ ስለ አማት፣ ስለ ሽሮ ዋጋ ነው ወሬያቸው። መጀመሪያ ጊዜ ማባከን መሰለኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት ጎርፉ የት እንደሚገባ፣ ማን ቆሻሻ ውሃውን በሌሊት ወደ ማን አጥር እንደሚለቅ፣ የትኛው ጎረቤት ከትኛው ጋር እንደ ተኳረፈ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው። ኢንጂነሩ የመሬቱን ተዳፋት ለክቷል፤ ሲስተር የሰውን ይለኩ ነበር።

ግድግዳቸው ወደ ጎርፉ ያዘነበለው ቤቶች አብዛኞቹ የቀበሌ ቤቶች እንደ ሆኑ ያን ጊዜ አስተዋልሁ። የዕድሜ አቻዎቼ ምክንያቱን ያውቁታል፤ ለወጣቱ አንባቢ ግን መናገር ይገባል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ የከተማው ነዋሪም በቀበሌ ማኅበር እንዲደራጅ ደነገገ። የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ኪራዩ ተቀነሰ፤ የሚሰበሰበውም ገንዘብ ለቤቶቹ እድሳትና ለሠፈሩ ልማት እንዲውል ታሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ያለ የሌለውን ለአከራይ ይከፍል የነበረ ድኻም እፎይ ብሏል። ይሁን እንጂ ኪራዩ ባለበት ቆሞ የማገርና የቆርቆሮ ዋጋ ዓመት ከዓመት ሲወጣ ጣራውን የሚያድስ ጠፋ። ተከራዩ «ቤቱ የቀበሌ ነው» ይላል፤ ቀበሌው «ገንዘብ የለም» ይላል፤ ግድግዳው ግን ሁለቱንም ሳይሰማ ያዘነብላል።

ከግድግዳው ይልቅ ያዘነበለ ሌላ ነገርም ነበር። በጥር ወር በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠርቶ የቦዩ መስመር ተነበበ። ሕዝቡ ዝም ብሎ አዳመጠ፤ «የተስማማችሁ?» ሲባል የሁሉም እጅ ባንድ ጊዜ ወጣ። እኔ ሥራችን የተፈጸመ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሲስተር ግን እጆቹን ቈጥረው እንኳ ሳይጨርሱ ስብሰባውን በተኑት። ከደጅ ስንወጣ ያው እጁን ያወጣ ሕዝብ ሦስት ሦስት ሆኖ በየአጥሩ ጥግ እየተንሾካሾከ ነበር። «አዩ? አዳራሹ ውስጥ የሰማነው ስምምነት አይደለም፣ ልማድ ነው። ስምምነቱ ያለው እዚህ አጥር ሥር ነው» አሉኝ።

ይህ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለመናገር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1969 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቍጥር 104 የቀበሌዎች ሥልጣን ተጠናከረ፤ የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ታጠቁ፤ ከዚያ የቀይ ሽብር ወራት መጡ። ስኳርና ሳሙና በሚታደልበት፣ መሠረተ ትምህርት በሚሰጥበት፣ የኪነት ቡድን ከበሮ በሚመታበት በዚያው ደጃፍ ወጣቶች ተጠርተው ገብተው ቀሩ። እኔ በዚያ ዘመን በዳባት ደጋ፣ በአባቴ ቤት ነበርሁ፤ የከተማውን ነገር በወሬ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ቀበሌው ያስተማረውን ፊደል የማይረሳ፣ ቀበሌው የወሰደበትንም ልጅ የማይረሳ ሰው አንድና ያው ሰው ሊሆን እንደሚችል የገባኝ ከዚህ የሥዕል ሥራ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ሰዎች አንዷ የሠፈራችን ባልቴት ነበሩ። የኢንጂነሩ መስመር በግቢያቸው ጠርዝ ያልፋል፤ ቤታቸውን አይነካም፣ አጥራቸውን ግን ወደ ውስጥ ሁለት ክንድ ያስገባዋል። አርባ ሁለት አባወራ ፈረመ፤ እርሳቸው እምቢ አሉ። ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጃቸው አይነኩም። በ1970 ዓ.ም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጃቸው «ለስብሰባ ትፈለጋለህ» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ደርሶት ከወጣ በኋላ አልተመለሰም።

ወጣት አባቶች ተቈጡ። ቍጣቸውን ማንም ሊፈርድበት አይገባም፤ ጎርፉ የወሰደው ሕፃን አባት ከመካከላቸው ነበር። «ድምፅ ይሰጥበትና ይለፍ፤ አርባ ሁለት ለአንድ ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነርሱ ወገን ነበርሁ፤ ሲስተርንም «የካቲት አለቀ እኮ፤ በአንድ ሰው ምክንያት ሠፈር ሊቀር ነው» ብያቸዋለሁ።

«ድምፅ ብናሰጥ እናሸንፋቸዋለን» አሉ ሲስተር። «ካሸነፍናቸው በኋላስ፣ መምህር? ቦዩ ሲደፈን በማን ግቢ ገብተን ልንጠርገው ነው? ደግሞ ያን ሌላ ጊዜም ብዙ ሰው ሆነው ነው የመጡባቸው።»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ ያለኝ አይመስለኝም። ሕፃኑን ባስብ አባቱ ልክ ነው። ባልቴቷን ባስብ ሲስተር ልክ ናቸው። ሲስተር በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ወረቀት ሳይዙ፣ ለቡና ወደ ባልቴቷ ቤት ይሄዱ ጀመር። በመጋቢት አጋማሽ ባልቴቷ ራሳቸው «ያ ሥዕል የሚሉትን እስቲ አምጡልኝና ልየው» አሉ።

ሥዕሉን ምንጣፍ ላይ ዘረጋሁት። ማኅተም የሌለው ወረቀት በመሆኑ አልፈሩትም። ዓይናቸው ደክሟልና በጣታቸው እየዳሰሱ፣ እኔ እየነገርኋቸው፣ ከላይ ከቦኖው ጀምረው ወረዱ። የዕድሩ ዕቃ ቤት፣ የእንጀራ ጋጋሪዋ ደጅ፣ የእኔ ቤት፣ ከዚያም የእርሳቸው አጥር። ጣታቸው ቆመ።

«ወይራዬስ?»

በአጥሩ ጥግ አንድ ወይራ አለ። ግቢያቸውን ስሥል ዓይኔ አይቶታል፤ እጄ ግን አልሣለውም፤ የቦዩን ቀጥተኛ መስመር የሚያበላሽ መስሎኝ ትቼዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ተማሪዎቼን «ያያችሁትን ሣሉ» ስል የኖርሁ ሰው ያየሁትን ትቼ የተመቸኝን ሥያለሁ። ቀና ብዬ ሲስተርን ለማየት አፈርሁ። ብሩሼን ከኪሴ አውጥቼ ወይራውን እዚያው ምንጣፉ ላይ ሣልሁት። ባልቴቷ ቀስ ብለው «ከትምህርት ቤት ችግኝ አምጥቶ የተከላት እርሱ ነው» አሉ፤ ስሙን አልጠሩም። ጥቂት ቆይተው ወደ ሲስተር ዞሩ።

«ውሃው ይለፍ፣ ልጄ። ሰው አልከለክልም። ዛፏን ግን ይዙርልኝ።»

ኢንጂነሩ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ውሃ መታጠፊያ አይወድም፤ በታጠፈበት ቦታ ደለል ይተኛል አለ። ልክ ነበር፤ ይህን ዛሬ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። በተጨማሪም መዞሩ አሥራ አራት ሜትር ቦይ ይጨምራል፤ ለእርሱም በጀት አልተያዘም። ፊርማቸውንም በቅጹ ላይ ስላላኖሩ ፋይሉ ሊመለስ ምንም አልቀረውም ነበር። ባልቴቷ አውራ ጣታቸውን በእኔ ቀለም ነክረው ያሳረፉት በሥዕሉ ላይ፣ ከወይራው ሥር ነበር። ጸሐፊው «ሥዕል ቅጽ አይሆንም» አለ፤ ሲስተር ግማሽ ቀን ከፊቱ ተቀምጠው ተከራከሩትና ሥዕሉ ተጣጥፎ ከፋይሉ ጋር ተያያዘ። ከሠራኋቸው ሥዕሎች ሁሉ በመንግሥት መዝገብ የገባው ይህ ብቻ ነው።

አሥራ አራቱን ሜትር የሠራነው በጉልበታችን ነው። በእኛ በደጋው አገር ሁለት ዓይነት የመረዳጃ ሥራ አለ፤ ጅጌ ባለቤቱ ደግሶ የሚጠራው ሲሆን፣ ወንፈል ግን ዛሬ ለአንተ የዋልሁትን ነገ ለእኔ የምትመልስልኝ ነው። ከተማ ከገባሁ ወዲህ ወንፈል የቀረ ነገር መስሎኝ ነበር። ሲስተር ሥራውን ያደራጁት በወንፈል ሥርዓት ነው፤ ለዚያ ቦይ አንድ ቀን የዋለ ሰው ግድግዳው ሲዘም ሌላው አንድ ቀን ይውልለታል። ዕድሩ አካፋና ዶማውን አዋሰ፤ ሴቶች ቆሎና ጠላ አመጡ። መጀመሪያ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣው ያ የተቈጣው አባት ነበር። በባልቴቷ አጥር በኩል ሲያልፍ እጅ ነሣ፤ እርሳቸውም በእርሱ እጅ ጠላ አስቀዱለት። ሌላ የተነጋገሩት ነገር የለም። በግንቦት መጨረሻ ቦዩ ተፈጸመ፤ የቀበሌ ቤቶቹም አራት ግድግዳ በዚያው ወንፈል ቀና።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። በ2010 ዓ.ም ይካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ የሲስተር ዘመንም አብሮ ተራዘመ። «ለአምስት ዓመት መርጣችሁኝ ለዕድሜ ልክ ፈረዳችሁብኝ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። የቦኖው ወረፋ ግን አላጠረም፤ ከተማውን የሚያጠጣው የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ በመሄዱ ውሃ በፈረቃ መጠበቅ የዘወትር ኑሯችን ሆኗል። በ2017 ዓ.ም በከተማው መካከል በተካሄደው የኮሪደር ልማት መንገዶች ሰፍተው መብራት ተተክሎባቸዋል፤ የግንቡም እድሳት ተጀምሮ የብዙ ዓመት ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ማታ ማታ ወጥቼ ሳየው ደስ ይለኛል። ደስ እያለኝም አንድ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ የተነጠፈውን እያየሁ በወረቀቱ ላይ ሳይሣል የቀረው ወይራ የትኛው ይሆን እላለሁ።

ባልቴቷ በ2012 ዓ.ም ዐረፉ። የዕድሩ ድንኳን የተተከለው ከዛፉ አጠገብ፣ ቦዩ በታጠፈበት ላይ ነበር፤ ለቀስተኛውም በቦዩ ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። የወይራው ዝንጣፊ ዛሬም የሠፈሩን ሴቶች የእርጎ ቅልና የጠላ ጋን ያጥናል፤ ማንም ሳይጠይቅ ይቈርጣል፣ ማንም ግን ከሚገባው በላይ አይቈርጥም።

ኢንጂነሩ እንዳለው መታጠፊያው በየክረምቱ ይደፈናል። ሐምሌ ገብቶ ሌሊቱን ሲዘንብ ባደረ ማለዳ አካፋዬን ይዤ እወጣለሁ፤ የዚያ ያኔ ሕፃን የነበረው ልጅም፣ አሁን ጎረምሳ ሆኖ፣ አብሮኝ ይወጣል። ደለሉን፣ የውሃ ፕላስቲኩን፣ አንዳንዴም የማን እንደ ሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ጫማ እናወጣለን። ሲስተር ጉልበታቸው ደክሞ መውረድ ቢያቅታቸውም ጥላ ይዘው ከላይ ይቆማሉ።

«ከታች ይጀምሩ፣ መምህር» ይሉኛል፤ «ከላይ ከከፈቱት ልጁን ይወስድብናል።»